ለአጭር ጉዞ መደምደሚያ የሚሆነውን የውኃ ዳር ስለ መምረጥ

ሰው በጥቂት ቀን ፈቃድ አገር ዞሮ ከተመለከተ በኋላ የቀረችውን አንድ ሁለት ቀን በውኃ ዳር ተቀምጦ ለማሳለፍ ይወዳል። ይህ ልማድ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉት አገሮች እጅግ የጸና ነው፤ የሮማን የጥንት ፍርስራሽ ሲመለከት የሰነበተ መንገደኛ ወደ ኦስትያ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ አቴናን የጎበኘም በመርከብ ወደ ኤጊና ደሴት ይሻገራል። የኛ አገር ግን ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትምና፥ የምጽዋን አሸዋ ረግጠው የሚያስታውሱት በዕድሜ የገፉት ናቸው። ስለዚህ በሆሳዕና፥ በዱራሜና በአካባቢያቸው ለሚኖር ቤተ ሰብ ይህ ጥያቄ የሚነሣው ስለ ሐይቅ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም ከደጋችን ቁልቁል ተሰልፈው ስለሚገኙ፥ ሰው ከምርጫው ብዛት የተነሣ ይቸገራል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው የታወቀ ነው። የእኅታችን ልጅም ከነዚሁ አንዱ ሲሆን፥ በደርባን ከተማ በአንዲት ትንሽ ሱቅ ስምንት ዓመት ሠርቶ በጥር ወር ለሦስት ሳምንት መጣ። ዘመድ ሲጠይቅ፥ ያልደረሰበትን ለቅሶ ሲደርስ፥ ከልጆቹም ጋር በዱራሜ አጠገብ ያለውን የአምባሪቾን 777 ደረጃ ሲወጣ ጊዜው አለቀና ከቦሌ ከሚሳፈርበት ሰዓት በፊት ሦስት ቀን ብቻ ቀረው። ሦስት ልጆች አሉት። ወደ ውጭ ሲሄድ የመጨረሻው ገና ጡት አልጣለም ነበርና፥ ዛሬ አባቱን እንደ እንግዳ ሰው አንቱ እያለ ይጠራው ነበር። እኛም በማዕድ ላይ ይህን በሰማን ቍጥር አንገታችንን ደፋን።

አባትየው እነዚያን ሦስት ቀኖች ከልጆቹ ጋር በውኃ ዳር ለማሳለፍ ፈለገ። እርሱ ራሱ በሕንድ ውቅያኖስ አጠገብ እየኖረ፥ ሱቁ በሰንበትም ስለማይዘጋ እግሩን በባሕር የነከረበት ቀን በጣት የሚቈጠር መሆኑን አጫወተን። በጉዞው ላይ እናታችንም ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት አልፏል፤ ጕልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከወንዝ የሰፋ ውኃም ከቶ አላዩም። ከዚህ በኋላ ክርክሩ ተጀመረ። አባትየው አርባ ምንጭን አለ፤ ባለቤቱ ሐዋሳን አለች፤ ልጆቹ የቦታው ስም ግድ ሳይሰጣቸው የሚዋኙበትን ብቻ ጠየቁ፤ እናታችን ደግሞ ብዙ የማያስኬድ ይሁን አሉ። በሙያችን የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነንና፥ የሁሉንም ቃል ተቀብለን እያንዳንዱን ቦታ በየተራው መመርመር ጀመርን።

በቅርብነቱ የሚቀድመው በሻሾጎ ወረዳ ያለው የቦዮ ሐይቅ ነው። የሐዲያ ሰው ሆኖ ቦዮን አለማየት ያሳፍራል፤ ወፎቹም ለሚመለከት ሰው ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ውኃው ጥልቀት የሌለው፥ ዳሩም ረግረግ ነውና ለመታጠቢያ አይሆንም። በማለዳ ሄዶ በቀትር መመለስ ይበቃል።

አርባ ምንጭ ግርማ ያለው አገር ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በአረካና በወላይታ ሶዶ በኩል ያልፋል፤ ከአረካ ወጣ ብሎም አጃቾና ሶኬ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን የሚወድቁበት የአጆራ ፏፏቴ አለ። ከከተማው አፋፍ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ደለል ያቀላውን አባያንና ጫሞን ባንድነት ያያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ምድርም የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከኛ አገር የሚወርደው የቢላቴ ወንዝ የሚገባው በዚሁ በአባያ ስለ ሆነ፥ የደጋው ሰው በዚያ ሐይቅ ውስጥ የራሱን ዝናብ ያያል ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን በጫሞ አዞ ገበያ የሚባለው ቦታ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ ታላላቅ አዞዎች ከዳር ወጥተው ፀሐይ ይሞቁበታል። ይህ በጀልባ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ድንቅ ነው፤ ልጆችን በውኃ ለማጫወት ለሚያስብ አባት ግን አይሆንም። ደግሞም አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አውሮፕላን አለ፤ ነገር ግን የሰባት ሰው ትኬት የአንድ ሱቅ ጠባቂን የብዙ ወር ደመወዝ ይበላል። ስለዚህ አባትየው ራሱ ኀሳቡን ተወ።

ስለ ሐዋሳ የተነገረው ምስክርነት ከሁሉ የበዛ ነበር። ከሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ ከተማውና ሐይቁ ጎን ለጎን ናቸው፤ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳር በጥላ ሥር ተቀምጦ ቡና መጠጣት ይቻላል፤ ጕልበታቸውን ለሚያማቸውም አረጋውያን ከዚህ የተመቸ ቦታ አናውቅም። በአሞራ ገደል በማለዳ የሚደርስ ሰው ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ሲያራግፉ፥ አባ ኮዳ የሚባለው ታላቅ ወፍ የተጣለውን ለመልቀም በመካከላቸው እንደ ሽማግሌ ሲመላለስ፥ ጉሬዛም በዛፍ ላይ ሲዘል ያያል። ቆሮሶ በዘይት ተጠብሶ ይቀርባል። ጥሬውን በሚጥሚጣ የሚበሉም አሉ፤ እኛ ግን በሚገባ የበሰለውን እንመርጣለን፤ ለልጆችም ጥሬውን መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ሐይቁ በጥቁር ውኃ ወንዝ ይመገባል፤ የሚታይ መውጫ የለውም፤ ይህም ሆኖ ውኃው ጨዋማ አለመሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

የቀረው ዋናው ጥያቄ ልጆች ይገቡበታል ወይ የሚለው ነበር። በሐዋሳ ሐይቅ የቢልሃርዝያ በሽታ መኖሩ በሐኪሞች ተመርምሮ የታወቀ ነው። ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው ትሉን በ1851 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በካይሮ ካገኘው ከጀርመኑ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ በመጀመሪያ በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ወጥቶ በዓይን የማይታይ ሆኖ በውኃ ይንሳፈፍና የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ሰው ውኃውን ባይጠጣውም እግሩን መንከሩ ብቻ ይበቃል። ሣር በበዛበትና ውኃው በረጋበት ዳር፥ ይልቁንም ፀሐይ በበረታችበት በቀትር ሰዓት፥ አደጋው ይበልጣል። በሽታው ሳይታከም ብዙ ዓመት ሲቆይ ጉበትን ይጐዳል። ፕራዚኳንተል የሚባለው መድኃኒት በሰውነት ክብደት ተመጥኖ ይሰጣልና፥ በእንዲህ ያለ ውኃ የገባ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰገራውን ቢያስመረምር መልካም ነው።

ነገሩ ከተነሣ ዘንድ፥ ለእናቶች ይልቁን የሚቀርበውን አንድ ታሪክ እንጨምራለን። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዐድዋ ቢልሃርዝያን ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተመለከቱ። ከዚህም ተነሥተው የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ፤ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አያቶቻችን ለነጭ ኩታ ማንጫ ያቆዩልን ፍሬ እንዲህ ያለ ኀይል ተገኘበት።

ከዚህ በኋላ የላንጋኖ ነገር ታሰበ። ላንጋኖ ከሻሸመኔ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አርሲ ነጌሌን ካለፉ በኋላ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ለተሳፋሪው መንገዱን አያስለቅቀውም። ከፍታው 1,585 ሜትር ያህል ነው፤ ከሆሳዕና ብርድ ለሚወርድ ሰው ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል። ውኃው ሶዳ ያለበት፥ መልኩም እንደ ወተት ሻይ የደፈረሰ ነው። ለዓይን ከሐዋሳ ያነሰ ቢመስልም፥ ከቢልሃርዝያ ነፃ መሆኑ ስለሚነገርለት ከጥንት ጀምሮ ለዋና የተመረጠ ነው፤ አሸዋማ ዳርም አለው። በሆቴል ሥራ ስማቸው የታወቀው አቶ በቀለ ሞላም ቀድመው ሆቴል ከሠሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ማደሪያው ከሐዋሳ ይወደዳል፤ ከበራፉ ወጥቶ የሚገበዩበት ከተማም የለም። በሰንበትና በበዓል ቀን ሰው ስለሚበዛ ዋጋው ይጨምራልና፥ በሥራ ቀን የሚሄድ ሰው ይጠቀማል።

ባለቤቱ አንዱን ቀን በሐዋሳ፥ ሁለተኛውን በላንጋኖ እናድርገው ብላ ነበር። ይህ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። በወረቀት ላይ ሰዓቱን ስንደምረው ግን፥ ዕቃ መጫኑና ማውረዱ፥ ማደሪያ መፈለጉ፥ የሰባት ሰው ምሳ መጠበቁ አንዱን ቀን ሙሉ በላው። በእኛ አስተያየት አጭር ጉዞን ለሁለት መክፈል የሚጠቅመው ባለመኪናውን ነው። ልጆቹና አባታቸው አንድ ላይ ውኃ ይግቡ ከተባለ ላንጋኖ፥ ተቀምጦ ማየትና መብላት ይሻለናል ከተባለ ሐዋሳ፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ አይቻልም። ልጆቹ ረቱ።

በዋዜማው ወደ መናኸሪያ ሄደን ስለ መንገዱ ደኅንነት ከዚያው ቀን የተመለሱትን ሾፌሮች ጠየቅን፤ ይህ ለማንኛውም መንገደኛ ሊዘለል አይገባውም። አባዱላ የሚባለውን መኪና ለብቻችን ተከራየንና በማለዳ ተነሥተን በዱራሜና በሐላባ ቁሊቶ በኩል ወረድን። ዳቦ፥ ቆጮ፥ አይብና የሚጠጣ ውኃ ከቤት ያዝን፤ ለቆላው ሌሊትም አጎበር ጨመርን፤ የደጋ ልጅ ለወባ እንግዳ ነውና። ለእናታችን ዝቅ ያለ በርጩማ መያዛችን ከሁሉ የበለጠ አገለገለ።

በላንጋኖ ልጆችን የሚያስገባ ወላጅ አንድ ነገር ይወቅ። ውኃው ድፍርስ ስለ ሆነ፥ አንድ ክንድ ከሥር የሰጠመውን እንኳ ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ልጁ እስከ ወገቡ ብቻ ይግባ፤ ደማቅ ቀይ ወይም ብጫ ሸሚዝ ይልበስ፤ አንድ ዐዋቂ ሰውም ከልጆቹ ወደ ጥልቁ በኩል ዘወትር ይቁም። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ያስነሣልና ጧቱ ይመረጣል። በአየር የተነፋ ጎማ ለልጅ መስጠት በነፋስ ሰዓት አደገኛ ነው። ጉማሬ የሚወጣበት ዳር መኖር አለመኖሩንም ከባላገሩ መጠየቅ ይገባል።

አባትየው በጥልቁ በኩል ቆመ። ሁለቱ ታላላቆች ወዲያው ለመዱ፤ ትንሹ ግን በዳር ቆሞ እግሩን እያነሣ ይጥል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ገባ፤ አንድ ሞገድ መጥቶ ጕልበቱን ሲመታውም ደነገጠና «አባዬ ያዘኝ!» ብሎ ጮኸ። ይያዙኝ አላለም። እናታቸው ከዳር ሆና ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ሐይቁ ማዶ መለሰች። እናታችን በበርጩማቸው ላይ እንደ ተቀመጡ እግራቸውን በውኃ አስነክረው እስከ ረፋድ ቆዩ፤ ከፍጻሜውም በኋላ ውኃው የት እንደሚሄድ ጠየቁን። በሖራ ቀሎ ወንዝ አድርጎ ወደ አብያታ ሐይቅ እንደሚሄድ ነገርናቸው።

በማግሥቱ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ምሳ በልተን በመቂና በሞጆ አድርገን አዲስ አበባ ገባን። ልጁ በሌሊቱ አውሮፕላን ሄደ። እኛም እናታችንን፥ ባለቤቱንና ልጆቹን ይዘን በቡታጅራ መንገድ ሆሳዕና ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ የልጆቹም ልብስ ከነአሸዋው ገና አልደረቀም።