በደከመ ሰውነት ላይ የሚበረታ ጀርም

ሰው ወደ ሆስፒታል የሚገባው ከደዌው ለመፈወስ ነው፤ ዳሩ ግን ጥንቃቄ ከጎደለ ይዞት ያልገባው ሌላ ሕመም በዚያው ሊያገኘው ይችላል። ይህ አደጋ ከሁሉ አብልጦ የሚያሰጋው የሰውነታቸው የመከላከል ኃይል የደከመባቸውን ሕሙማን ነው። እነርሱም የካንሰርን ብርቱ መድኃኒት የሚወስዱ፣ የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለላቸው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትና እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። ጤነኛውን ሰው ሳይጎዳ የሚኖር ጀርም እነዚህን ለሞት ሊያደርሳቸው ይችላል።

ነገሩ የሚከፋው ጀርሙ መድኃኒትን የለመደ እንደ ሆነ ነው። መድኃኒት ሲወሰድ ደካሞቹ ጀርሞች ይሞታሉ፤ ሊቋቋሙት የቻሉት ግን ተርፈው ይራባሉ። ያለ አግባብ ሲወሰድ ደግሞ ይህ ይፋጠናል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ብቻ፣ መድኃኒትን በሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል።

በአሜሪካ፣ በቤቴዝዳ ከተማ በሚገኘው የብሔራዊ ጤና ኢንስቲትዩት ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቆጣጠር) የደረሰው ነገር ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። በሰኔ ወር፣ ክሌብሲየላ የተባለውና ብዙውን መድኃኒት የሚቋቋመው ባክቴሪያ ያደረባት አንዲት ሕመምተኛ ወደዚያ ገባች። ሆስፒታሉም ለብቻዋ ለይቶ አስታመማት፤ በሐምሌም ወጣች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ያው ባክቴሪያ በሌላ ሕመምተኛ ላይ ተገኘ። በጠቅላላው 18 ሰዎች ተይዘው 11ዱ ሞቱ፤ ከእነዚህም የ6ቱ ሞት በባክቴሪያው ምክንያት መሆኑ ታወቀ። ጀርሙ በመታጠቢያ ገንዳ ማፍሰሻና በተጸዳ የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሳይቀር ተገኝቷል። ሆስፒታሉ የተያዙትን ከሌሎቹ ለየ፤ ሕሙማንን ሁሉ መረመረ፤ የእጅ መታጠብን የሚቆጣጠሩ ሰዎች አቆመ፤ የውሃ ቧንቧም አስነቀለ።

ከዚህ የምንረዳው ጀርሙ የሕመም ምልክት በሌለው ሰው ላይ ተሸሽጎ ሊኖርና በእጅና በዕቃ ሊተላለፍ እንደሚችል ነው። መድኃኒት በሰነፈበት ጊዜ የሚቀረን ጋሻ ንጽሕና ነው።

ሕመምተኛን መጠየቅ መልካም ልማዳችን ስለ ሆነ እንዲቀር አንመክርም፤ ነገር ግን የሚከተሉት ይጠበቁ።

1ኛ/ ወደ ሕመምተኛው ከመቅረባችን በፊትና ከተለየነው በኋላ፣ እጃችንን እስከ ጣቶቻችን መካከልና እስከ ጥፍራችን ሥር ከ40 እስከ 60 ሰኮንድ በሳሙና እንታጠብ።

2ኛ/ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ የያዘን እንደ ሆነ እስክንድን ድረስ ከመጠየቅ እንቆይ።

3ኛ/ በአልጋው ላይ አንቀመጥ፤ ቁስሉንና የተተከለለትን ቱቦ አንንካ።

4ኛ/ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንግዛ፤ ተራፊውንም ለጎረቤት አናካፍል።

የተከበራችሁ መምህራን፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ይህን ለተማሪዎቻችሁ ብታስረዱ እነርሱም ለየቤታቸው ያደርሱታል። በንጹሕ እጅ የምንጠብቀው ሕይወት ራሱን ሊከላከል የማይችለውን የወገናችንን ሕይወት ነው።