ሕንዶች መልካሙን ሰዓት እንዴት ይለዩታል?

አንባቢ ሆይ! «ነገ ወሩ ስንት ነው?» ተብለው ቢጠየቁ፣ በዛሬው ላይ አንድ ጨምረው ይመልሳሉ። በጥንታዊው የሕንዶች አቆጣጠር ግን ይህ መልስ ሊያሳስት ይችላል። ዛሬ አምስት ከሆነ፣ ነገ ስድስት መሆኑ ቀርቶ ሰባት ወይም እንደገና አምስት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

ሕንዶች የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፋቸውን «ፓንቻንጋ» ይሉታል፤ «አምስት ክፍል ያለው» ማለት ነው። ከአምስቱ ዋነኛው «ቲቲ» የተባለው የጨረቃ ቀን ነው። ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ ቲቲ ያልፋል፤ በአንድ የጨረቃ ወር ውስጥም 30 ቲቲ አለ። ይሁን እንጂ ጨረቃ አንድ ጊዜ ስለምትፈጥን፣ ሌላ ጊዜ ስለምትዘገይ፣ የአንዱ ቲቲ ርዝመት ከ20 እስከ 27 ሰዓት ያህል ይለያያል። ዕለቱ የሚጠራው ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ በነበረው ቲቲ ነው። ስለዚህ ከንጋት በኋላ ጀምሮ ከሚቀጥለው ንጋት በፊት ያለቀው አጭር ቲቲ ስሙ ሳይጠራ ያልፋል፤ ረጅሙ ግን ሁለት ንጋት ያያል።

ሰርግ ለመደገስ፣ ቤት ለመግባት ወይም ሱቅ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ይህን ሁሉ የሚያሰላለት ዐዋቂ ዘንድ ይሄዳል። የሚሸሽም ሰዓት አለ። ቀኑን ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ለስምንት ከፍለው፣ አንዱን ክፍል ፀሐይንና ጨረቃን ይውጣል ለሚባለው ለራሁ ይሰጡታል። ፀሐይ ልክ በ12 ሰዓት ወጥታ በ12 ሰዓት ብትገባ፣ የራሁ ጊዜ ሰኞ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ነው።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበር። የጥንቱ ሰንጠረዥ ዓመቱን ከወቅቶች ዑደት በ24 ደቂቃ ያህል አስረዝሞ ይቆጥር ነበርና፣ ስሕተቱ በብዙ መቶ ዓመታት ተጠራቅሞ 23 ቀን ያህል ሆነ። ፀሐይ ወደ ሰሜን የምትመለሰው በታኅሣሥ 12 ወይም 13 ሲሆን፣ በዓሉ የሚከበረው ግን ጥር 6 ግድም ነው። አቆጣጠሩም ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ በ1945 ዓ.ም. መንግሥት በፊዚክስ ሊቁ በሜግናድ ሳሃ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው 30 ያህል ልዩ ልዩ አቆጣጠር አገኘ። በምክሩም መሠረት ከመጋቢት 13 ቀን 1949 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ብሔራዊ አቆጣጠር ለመንግሥት ሥራ ዋለ።

ጽሕፈት ቤቱ እንዲህ ተስተካከለ፤ ቤተ ሰቡ ግን ከፓንቻንጋው አልተለየም። ሰዓት ዕድል ማምጣት አለማምጣቱ የእምነት ጉዳይ ነው፤ የጨረቃዋ ጉዞ ግን የሂሳብ ጉዳይ ነው። ፓንቻንጋ ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ይዟቸዋል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሕንዳዊ ወዳጅዎ ሰኞ ጧት አዲስ ሥራ ሳይጀምር እስከ 3 ሰዓት ቢያቆይዎ፣ ስንፍና አይምሰልዎ፤ ምናልባት ራሁን እያሳለፈ ይሆናል።