ከመሪ ክንፍ ወደ ካምቢዮ ዘንግ፦ ማርሽን ወደ ሰው እጅ የመመለስ ሳይንስ

ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ። በልደታ ክፍለ ከተማ በአብነትና በአካባቢው ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ከእነዚህ ቃላት አንዱን ሳይሰማ አይሄድም። ቃላቱ ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ ከመኪናው ጋር አብረው ቤተኛ ሆነዋል። ካምቢዮ መለወጥ ማለት ነው። ፍሪሲዮን ደግሞ በፊዚክስ ትምህርት ሰበቃ የምንለው ነው። መካኒኩ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ሲል ሳያስበው ስለ አንድ የተፈጥሮ ሕግ እየተናገረ ነው ማለት ነው።

በጋራዦች ደጃፍ ከሚነሡ ጥያቄዎች አንዱ «አውቶማቲክ መኪና ወደ ማንዋል ይቀየራልን?» የሚለው ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና ውድ የሆነበት፣ መለዋወጫውን ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ ያጣ ባለ መኪና ጥያቄውን የሚያነሣው ከችግር የተነሣ ነው። የሚያስገርመው ግን በአውሮፓና በአሜሪካ እጅግ ውድ የሆኑ የስፖርት መኪናዎች ባለቤቶችም ይህንኑ መጠየቃቸው ነው። ከመሪው ኋላ በተገጠሙ ክንፍ መሰል መቀየሪያዎች በጣት ንክኪ ማርሽ የሚለውጡ ፌራሪዎችን ወደ ባለ ሦስት ፔዳል ማንዋል የሚመልሱ ባለሙያዎች አሉ። ለመሆኑ ይህ ሥራ እንዴት ይከናወናል? ለአንዱ መኪና ቀላል፣ ለሌላው ደግሞ አደገኛ የሚሆነውስ ለምንድን ነው?

ካምቢዮ ለምን አስፈለገ?

የነዳጅ ሞተር አንድ ጉድለት አለው። ቆሞ ሳለ ጉልበት መስጠት አይችልም። ሳይጠፋ ለመሥራት በደቂቃ ከ700 እስከ 800 የሚሆን ዙር መሽከርከር ይኖርበታል። ከዚህም በላይ ቶርክ የሚባለው የማሽከርከር ጉልበቱ ውሱን ነው። ስለዚህ በሞተሩና በጎማው መካከል ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን የሚያበዛ መሣሪያ ማስገባት ግድ ይላል። ካምቢዮ ማለት ይህ መሣሪያ ነው።

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል ክብደቷ 1000 ኪሎ ግራም፣ የሞተሯ ቶርክ 130 ኒውተን ሜትር፣ የጎማዋ ራዲየስ 0.28 ሜትር የሆነች አነስተኛ መኪና እንውሰድ። በሦስተኛ ማርሽ የካምቢዮው ብዜት 1.3፣ የዲፈረንሻሉ 4 ቢሆን አጠቃላዩ 5.2 ይሆናል። 130 በ5.2 ተባዝቶ ለ0.28 ሲካፈል ጎማው መሬቱን የሚገፋበትን ጉልበት ይሰጠናል፤ ይኸውም 2400 ኒውተን ገደማ ነው። በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር በሚነሣ ዳገት ላይ መኪናዋን ወደ ኋላ የሚጎትታት የስበት ጉልበት 1920 ኒውተን ያህል ነው። እንግዲህ ሌሎች ተቃውሞዎችን ለጊዜው ብንተዋቸው፣ በባሕር ጠለል ላይ መኪናዋ ዳገቱን በሦስተኛ ትወጣዋለች።

አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚቀንስ ቶርኩም ወደ 97 ኒውተን ሜትር ይወርዳል። በሦስተኛ ማርሽ የሚገኘው ግፊት ከ1920 ኒውተን በታች ሆኖ 1800 ብቻ ይቀራል። መኪናዋ ታቃስታለች፤ አሽከርካሪው ወደ ሁለተኛ መመለስ አለበት። በእንጦጦ አቀበት የምንሰማው የማርሽ ለውጥ ድምፅ የዚህ ስሌት መልስ ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮም ይህንኑ ስሌት ይሠራል። ልዩነቱ ወሳኙ ማን ነው በሚለው ላይ ነው። የተለመደው አውቶማቲክ የሚወስነው ሞተሩ ላይ ጫና መድረሱን ካወቀ በኋላ ነው። አሽከርካሪው ግን ዳገቱን ገና ሳይደርስበት በዓይኑ ያየዋል።

ፍሪሲዮንና የሙቀት ዕዳ

ማርሽ ሲቀየር የሚሽከረከረውን ሞተር ከካምቢዮው ለአፍታ መነጠል ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው ፍሪሲዮን ነው። መኪና ከቆመችበት ስትነሣ የሞተሩ ዙር ሳይለወጥ ቢቆይ፣ ሞተሩ ከሰጠው ሥራ ግማሹ ወደ እንቅስቃሴ፣ ቀሪው ግማሽ ደግሞ በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከላይ የጠቀስናት መኪና በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እስክትደርስ የምታገኘው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ 12500 ጁል ነው። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ ላይ የሚቀረውም ሙቀት 12500 ጁል ይሆናል። ይህ ሦስት ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ ይበቃል። ትንሽ ቢመስልም፣ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ ቆሞ የሚነሣ ታክሲ ፍሪሲዮን ቶሎ የሚያልቅበትን ምክንያት ያስረዳል።

ከእሽቅድምድም ሜዳ የመጣው ክንፍ

እ.ኤ.አ. በ1989 በብራዚል በተካሄደው የፎርሙላ ዋን ውድድር ናይጄል ማንሰል ፌራሪ 640 የተባለችውን መኪና ነድቶ አሸነፈ። የመኪናዋ ንድፍ መሪ ጆን ባርናርድ ነበር። በዚያ ድል ከተሽከርካሪው ይልቅ ብዙ ሊያነጋግር የሚገባው ካምቢዮው ነበር። ማንሰል እጁን ከመሪው ሳያነሣ ከመሪው ኋላ ያሉትን ክንፎች በጣቱ እየሳበ ማርሽ ይለውጥ ነበርና። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ፌራሪ ይህን ዘዴ ኤፍ 355 በተባለው የመንገድ መኪናው ላይ ለገበያ አቀረበ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኤፍ 430 የተባለው ሞዴል በሁለት ዓይነት ይሸጥ ነበር። አንዱ ሦስት ፔዳልና የማርሽ ዘንግ ያለው ሲሆን ሌላው ባለ ክንፍ ነበር። ባለ ክንፉ ማርሽ ለመለወጥ የሚወስድበት ጊዜ 150 ሚሊ ሰከንድ ያህል እንደሆነ አምራቹ ገልጾ ነበር። ይህ አንድ ሰው ዓይኑን ከሚጨፍንበት ቅጽበት ጋር የሚቀራረብ ነው። ሆኖም በሁለቱ መኪናዎች ካምቢዮ ውስጥ ያሉት ጥርሶች፣ ዘንጎችና ማርሹን የሚገፉት ሹካዎች በመሠረቱ አንድ ናቸው። ፍሪሲዮኑም እንደ ማንኛውም ማንዋል በደረቅ ዲስክ የሚሠራ ነው። ልዩነቱ በባለ ክንፉ ላይ የሰውየውን እግርና እጅ ተክቶ የሚሠራ በዘይት ግፊት የሚንቀሳቀስ ሮቦት መኖሩ ብቻ ነው።

መልሶ መለወጡ የሚቻለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ባለሙያው የዘይቱን ፓምፕና ሹካዎቹን የሚገፋውን ሃይድሮሊክ ክፍል ያወጣል። በምትኩ የፍሪሲዮን ፔዳልና ፔዳሉ ሲረገጥ ግፊት የሚፈጥር ሲሊንደር ይገጥማል። የማርሽ ዘንጉን ከካምቢዮው ጋር በገመድ ያገናኛል፤ ካምቢዮው ላይ ያለውንም የማርሽ መምረጫ ይለውጣል። በመጨረሻም የሞተሩ ኮምፒዩተር መኪናው ማንዋል መሆኑን እንዲቀበል በአዲስ ይሞላል፤ አለበለዚያ የጠፋበትን ሮቦት እየፈለገ የብልሽት መብራት ሲያበራ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ ወጪ በኋላ መኪናው በፍጥነት ሲመዘን ከቀድሞው ይዘገያል። የሰው እጅና እግር ከ150 ሚሊ ሰከንድ ጋር አይወዳደርምና። ታዲያ ምን ተገኘ? አንደኛ፣ ሲያረጁ ጥገናቸው ውድ የሆኑ ፓምፖችና ሴንሰሮች ተወገዱ። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ኤፍ 430ን የተካው 458 ኢታሊያ ያለ ማንዋል ምርጫ በመውጣቱ የማርሽ ዘንግ ያላቸው መኪናዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋቸው ጨመረ። ሦስተኛው በገንዘብ የማይለካ ነው፤ አሽከርካሪው ተሳፋሪ መሆኑ ቀርቶ የመኪናው አካል ይሆናል።

ሁሉም አውቶማቲክ አንድ አይደለም

ኤፍ 430 የተመለሰበት መንገድ ለሌላው ሁሉ ይሠራል ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። የተለመደው አውቶማቲክ በፍሪሲዮን ፈንታ በዘይት ፍሰት ጉልበት የሚያስተላልፍ መሣሪያ አለው፤ ጥርሶቹም ፀሐይን እንደሚዞሩ ፕላኔቶች አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ሲቪቲ የሚባለው ደግሞ ቋሚ ማርሽ የለውም፤ ስፋታቸው በሚለዋወጥ ሁለት መዘውሮች መካከል በተዘረጋ የብረት ቀበቶ ይሠራል። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ማርሾችን በተለያዩ ዘንጎች ላይ አስቀምጦ የሚቀጥለውን ማርሽ አስቀድሞ ያዘጋጃል። በእነዚህ በሦስቱ ውስጥ በእጅ ሊንቀሳቀስ የሚጠባበቅ ማንዋል ካምቢዮ የለም። መለወጥ ማለት ካምቢዮውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ሌላ መትከል ማለት ነው።

ሥራው በአብነት ጋራዥ ቢሠራ

እንግዲህ በከተማችን የምናያት ተራ አውቶማቲክ የቤት መኪና ወደ ማንዋል ትለወጥ ቢባል፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፋብሪካው ያንኑ ሞዴል በማንዋል ሠርቶ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። ካልሠራ ነገሩን መተው ይሻላል። ከሠራ ከካምቢዮው ሌላ ቮላኖው፣ የፍሪሲዮን ዲስኩና የሚጫነው ሰሃን፣ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው ኩሽኔታ፣ የፔዳሎቹ መያዣ፣ የካምቢዮው መቀመጫ ጎማዎች፣ ብዙውን ጊዜም ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች እንዲሁም ኮምፒዩተሩ ይለወጣሉ።

የቮላኖውን ነገር ቀለል አድርጎ ማየት አይገባም። በአውቶማቲክ መኪና ላይ በቦታው ያለው ቀጭን ሰሃን ነው፤ የሁለቱ ብሎኖች ርዝመትም ሊለያይ ይችላል። ስፋቱ 26 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቮላኖ በደቂቃ 6000 ዙር ሲሽከረከር ጠርዙ በሰዓት ከ290 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ጠርዙ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቁስ ከክብደቱ 5000 ጊዜ በሚበልጥ ጉልበት ወደ ውጭ ለመፈናጠር ይታገላል። በዚያ ቦታ የ1 ግራም ሚዛን መዛባት እንደ 5 ኪሎ ግራም ሸክም ይጎትታል ማለት ነው። በሚገባ ያልጠበቀ ብሎን ወይም የተሰነጠቀ ቮላኖ የአሽከርካሪው እግር አጠገብ የተቀመጠ ፈንጂ ነው።

ከዚህ የማያንሰው ሁለተኛው አደጋ ከአንዲት ሽቦ ይመጣል። አውቶማቲክ መኪና የሚነሣው ዘንጉ «ፒ» ወይም «ኤን» ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ካምቢዮው ሲወጣ ይህን የሚቆጣጠረው ማብሪያ ማጥፊያ አብሮ ይወጣል። አንዳንድ ቸኳይ እጅ ሁለቱን ሽቦዎች አቆራኝቶ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ሳለች ቁልፍ ቢዞር ከፊት ለፊቷ ወዳለው ሰው ወይም ግድግዳ ትዘላለች። መፍትሔው ፍሪሲዮኑ ካልተረገጠ ሞተር እንዳይነሣ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ በፔዳሉ ላይ መግጠም ነው። «ፒ» ሲቀር ካምቢዮውን የሚቆልፈው ጥርስም አብሮ እንደሚቀር አይዘንጋ፤ በዳገት ላይ የሚቆም መኪና ከዚያ በኋላ አደራው በእጅ ፍሬኑና ገብቶ በቆየው ማርሽ ላይ ነው።

የማርሽ ምርጫ ሕይወት የሚያድንበት ቦታም አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ባለ 1000 ኪሎ ግራም መኪና በ1000 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ኢነርጂ 9.8 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ 29 ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ ወስዶ እስከ 100 ዲግሪ ያሞቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት በፍሬን ሸራ ላይ ቢወርድ ሸራው ግሎ መያዙን ይተዋል። በዝቅተኛ ማርሽ ከተወረደ ግን ብዙውን ሸክም ሞተሩ ይቀበላል። አውቶማቲክ መኪናም ለዚህ የሚሆን «ኤል» ወይም «2» የሚል ቦታ አለው፤ ብዙ አሽከርካሪ ግን ከ«ዲ» አይወጣም። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ከካምቢዮው ዓይነት በላይ የሚያስፈልገው የአሽከርካሪው ዕውቀት ነው።

ነገስ?

እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አብነት ላይ ጣቢያ አለው። ባቡሩ ከጣቢያው ሲነሣ የማርሽ ለውጥ ድምፅ አይሰማም። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ቶርኩን መስጠት ስለሚችል ብዙ ማርሽ አያሻውም፤ አንድ ቋሚ ብዜት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ሲገለጽ፣ ካምቢዮን ወደ ኋላ የሚያስቀር ጉዞ መጀመሩም ነው።

ይህ ማለት ግን የካምቢዮ ዕውቀት ነገ ዋጋ ያጣል ማለት አይደለም። አዲስ የነዳጅ መኪና ካልገባ ያሉት ለብዙ ዓመታት በጥገና መቆየት አለባቸው። የሚጠግናቸው ሰው የሚያስፈልገው ደግሞ ከተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበርም ከጋራዥ ወለልም የሚገኝ ዕውቀት ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ስሌቱን ያውቃል፤ መካኒኩ ብሎኑን ያውቃል። ሁለቱ ካልተገናኙ ሽቦው ተቆራኝቶ ይቀራል።

ስለዚህ ወጣት አንባብያን በእረፍት ቀናቸው አንድ የተጣለ ማንዋል ካምቢዮ ፈልገው ጥርሶቹን እንዲቆጥሩ እንመክራለን። አንዱ ጥርስ 12፣ ገጣሚው 42 ቢሆን ብዜቱ 3.5 ነው። ይህን ቁጥር በዲፈረንሻሉ አባዝተው፣ በከተማቸው የአየር ግፊት አስተካክለው፣ መኪናዋ የሰፈራቸውን ዳገት በስንተኛ ማርሽ እንደምትወጣ ያስሉ። ከዚያም ወደ ዳገቱ ሄደው የሚያልፉትን መኪናዎች ድምፅ ያዳምጡ። መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ዳገቱ ራሱ ይነግራቸዋል።