ሕግ ሳይጣስ የሞቱ ሰዎች

ሁለት ሰዎች ወልድያ ገበያ ላይ ተጣልተው አንደኛው ዱላውን ሲያነሣ፥ ሌላው «በሕግ አምላክ!» ቢለው እጁን ይሰበስባል። ይህ የቆየ ልማዳችን ነው። ዘበኛ አልመጣም፤ ዳኛም አልተሠየመም፤ ነገር ግን ሕግና ሕሊና በአንድ ቃል ተጣምረው ያዙት። ሁለቱ የተለያዩ እንደ ሆነስ ምን ይመጣል? መልሱን ከዚያችው ከወልድያ መንገድ እናገኘዋለን።

በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናቡ ጎድሎ አዝመራው በከሸፈ ጊዜ፥ ገበሬው ከነቤተ ሰቡ ከደሴ ተነሥቶ በመርሳና በወልድያ ወደ ሰሜን ወደሚያልፈው አውራ ጎዳና ወጥቶ መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። የኢኮኖሚና የፍልስፍና ሊቅ የሆኑት ሕንዳዊው አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፥ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም፤ በደሴም የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይጫን ነበር። ገበሬው ግን መግዣ አልነበረውም። አዝመራው ጠፍቷል፤ ከብቱንም ቢሸጥ ዋጋው ወድቋል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ነጋዴው የገዛ እህሉን ሸጠ፤ ባለ መኪናው በኪራይ ጫነ፤ ማንም ሕግ አልጣሰም። ሆኖም በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ያለ አደጋ መርዳት እየቻለ ሕይወቱ በብርቱ አደጋ ላይ ያለውን ሰው ትቶ የሚያልፈውን ይቀጣ ነበር። መንገደኛውን የሚያስገድድ ሕግ ነበረን፤ ወሬውን አፍኖ የተቀመጠውን ሹም ግን ደፍሮ የሚጠይቅ አልነበረም። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የጋዜጣን ነጻነት በሕግ መሠረት ቢፈቅድም ጋዜጣ የሚታተመው በሳንሱር ነበርና፥ ብዙው ዓለም የወሎን ረኀብ ያወቀው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም ካሳየ በኋላ ነው።

«እንግዲያው ሕጉ ይቅርና ሕሊና ይፍረድ» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህም ተሞክሯል። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎችን፥ ከነርሱም ብዙዎቹ የቀድሞ ባለ ሥልጣኖች፥ ያለ ፍርድ ረሸነ። በረኀቡ የተቆጣው ሕዝብ ፍርድ ፈልጎ ጥይት ሰማ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ወሎ እንደ ገና ሲራብ፥ አዲስ አበባ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ታከብር ነበር። ሕሊና የሌለው ሕግ ሰው ሲሞት ዝም ብሎ ያያል፤ ሕግ የማይገታው ሕሊናም ራሱ ይገድላል።

ነጻነትን የሚያከብር መንግሥት የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። ሹሙ ደግም ይሁን ክፉ፥ በሕግና በአደባባይ እንዲጠየቅ ያደርጋል። ሴን ነጻ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ብርቱ እልቂት ያመጣ ረኀብ አልደረሰም የሚሉትም፥ በዚያ ዝም ያለ ሹም ወንበሩን ስለሚያጣ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 መንግሥት ለአደጋ ተጎጂዎች በጊዜው ርዳታ እንዲያቀርብ፥ በአንቀጽ 12 አሠራሩ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፥ በአንቀጽ 29 የፕሬስ ነጻነት እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ነገር ግን አንቀጽ አፍ የለውም። ከወረዳ የመጣ የረኀብ ወሬ ከአንድ ወጣት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ደርሶ፥ «አለቃዬ አይወድልኝም» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ቢገባ፥ ምናልባት ሕግ አልተጣሰም ይባል ይሆናል። በዚያች ሰዓት «በሕግ አምላክ!» የሚለን ሌላ ሰው በአጠገባችን አይኖርም፤ ቃሉን ለራሳችን ማለት የኛ ፈንታ ነው።