በቀዶ ጥገና ክፍል ማን ይሰማል?

ቀዶ ሐኪም እጁን ታጥቦ ንጹሑን ጓንት ካጠለቀ በኋላ የመብራት ማብሪያ እንኳ መንካት አይፈቀድለትም። መብራቱ እንዲዞር፣ መቀሱ እንዲቀርብለት ቢፈልግ በቃሉ ያዛል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅ የሐኪሙ ሦስተኛ እጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህን የተመለከቱ የአሜሪካ መሐንዲሶች ቃል ሰምቶ የሚታዘዝ መሣሪያ ሠሩ። ኤሶፕ የተባለው ካሜራ ያዥ ክንድ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ለሥራ ሲፈቀድ በእግር መርገጫ ይነዳ ነበር፤ በ1996 ግን «ወደ ግራ»፣ «ወደ ላይ» ሲባል በቃል መታዘዝ ጀመረ። ሆኖም እያንዳንዱ ሐኪም ድምፁን አስቀድሞ በካርድ ላይ ማስቀረጽ ነበረበት። ኤሶፕ ዛሬ ከገበያ ወጥቷል፤ የራጅ ሥዕልን በቃል ትእዛዝ የሚያቀርቡ አዳዲስ ረዳቶች ግን በልዩ ልዩ አገሮች ይሞከራሉ።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ሰቆጣ በሚገኘው በተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ቢተከል ምን ይሰማ ይሆን? በአገራችን የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ሐኪሙ የመሣሪያዎቹን ስም የሚጠራው በእንግሊዝኛ ነው። ነርሷን የሚያነጋግራት በአማርኛ ነው። ከዋግ ኽምራ ገጠር የመጣችው ወላድ ደግሞ ከወገቧ በታች ብቻ ደንዝዛ ስለምትነቃ፣ ጭንቀቷን የምትናገረው በኽምጣና ሊሆን ይችላል። እነሆ ሦስት ቋንቋ በአንድ ክፍል! የአገሩን ቋንቋ የምታውቅ ነርስ ሦስቱንም ትሰማለች፤ መሣሪያው ግን ያልተማረውን ቋንቋ ከጫጫታ አይለየውም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ግራውን ቀኝ ብሎ መስማት እንደ ደብዳቤ ስሕተት በላጲስ አይታረምም። ጎግል የተባለው ኩባንያ ንግግርን ወደ ጽሑፍ በሚለውጠው አገልግሎቱ ውስጥ አማርኛን የጨመረው በ2017 ነው፤ የገበያ ወሬ መጻፍና የቀዶ ጥገና ትእዛዝ መስማት ግን ለየቅል ናቸው። ኽምጣናማ ተናጋሪው ጥቂት በመሆኑ የነጋዴ ዓይን ቶሎ አያርፍበትም።

ስለዚህ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ፣ ሥራው የእናንተ ነው። የሕክምና ቃላትን በአማርኛና በኽምጣና መወሰን፣ የሽማግሌውንም የእናቲቱንም አነጋገር በፈቃዳቸው መቅዳት የሚቻለው ከውጭ መሣሪያ ሳይመጣ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። መሣሪያው አንድ ቀን ሰቆጣ ሲደርስ የወላዷን ቃል የሚያውቅ ሆኖ እንዲገኝ፣ ማስተማሩን ከዛሬው እንጀምር እንላለን።