ጠማማው የፍጥነት ንጉሥና የአክራው ቱምቢ

የዓለማችን ፈጣን ሰው አከርካሪው ጠማማ ነው ቢባል ማን ያምናል? የዩሴን ቦልት አከርካሪ ግን ወደ ጎን የተጣመመ ነው። ሐኪሞች ስኮሊዮሲስ ይሉታል። ጃማይካዊው ራሱ እንደተናገረው፣ ሩጫ በጀመረባቸው ዓመታት በየዓመቱ የሚጎዳው በዚሁ ምክንያት ነበር። መፍትሔው ቀዶ ጥገና ሳይሆን የሆድና የጀርባ ጡንቻን ማጠንከር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲጨርስም ያው ጠማማ አከርካሪ አብሮት ነበር።

ሁሉም ግን እንደ ቦልት ዕድለኛ አይደለም። ጥምዘቱ ሲብስ ሳንባን ይጫናል፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። በአገራችን ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ አጥንት እየበላ ስንቱን ልጅ አጉብጧል! ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ የኖሩት አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ እነዚህን ልጆች ከጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ-አድጄይ ጋር ማገናኘት የጀመሩት በ2006 ነው። አክራ ሲባል ለእኛ ለኳስ አፍቃሪዎች ትዝ የሚለን ጥቁር ከዋክብት ነው፤ ለእነሱ ግን በ2012 የተከፈተው ፎኮስ ሆስፒታል ነው።

ታዲያ ሥራው ብረት አስገብቶ ማቃናት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከባድ ጥምዘት በአንዴ ቢጎተት ሕብለ ሰረሰር ተጎድቶ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ራስ ቅል ላይ የብረት ቀለበት ታስሮ፣ ክብደት ተንጠልጥሎበት፣ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይሳባል። ብሎንና ዘንጉ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ሚዛን ነው። ግንበኛ ቱምቢ እንደሚጥለው፣ ጭንቅላት ከዳሌ በላይ መዋል አለበት። በ1960ዎቹ በተስፋፋው የሃሪንግተን ዘንግ ከታከሙት አንዳንዶቹ ከፊት ሲታዩ ቀጥ አሉ፤ ከጎን ሲታዩ ግን የወገባቸው ተፈጥሯዊ ቅስት ጠፍቶ ወደ ፊት ተንጋደዱ። ቆሞ መሄድ ራሱ አደከማቸው። እንደ ኳስ ቡድን ነው፤ ተከላካዩ ቢያምርም አማካዩ ከቦታው ከወጣ አሰላለፉ ይፈርሳል።

እናንተ አሠልጣኞች፣ በደብረ ዘይትም ሆነ በአሶሳ ሜዳ፣ ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ጎንበስ አስብሉት። የጀርባው አንድ ወገን ከፍ ካለ፣ ወይም ጉብታ ካያችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ላኩት። ቲቢው ቶሎ ከተገኘ በመድኃኒት ይድናል። ከጎበጠ በኋላ ግን መንገዱ እስከ አክራ ይረዝማል።