እምምታን ያባረሩ ሁለት ጥቅልል ሽቦዎች

ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋራ ትውውቅ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደስ የማይል ድምፅ አለ። ጊታሩ ከድምፅ ማጉያው ጋራ ተያይዞ፣ ማጉያውም ተከፍቶ፣ ሙዚቀኛው ግን ገና ክሩን ሳይነካው ከሳጥኑ ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ «እምም» የሚል ድምፅ ይሰማል። ክሩ ሲመታ ዜማው ይሸፍነዋል፤ ዜማው ጋብ ሲል ግን እንደ ገና ብቅ ይላል። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን እምምታ ለማጥፋት ስለ ተሠራች አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። ዕቃዋ በመዳፍ ውስጥ የምትያዝ ስትሆን፣ የታዘዘችውን ከፈጸመች በኋላ ማንም ያላዘዛትን ሌላ ሥራ ጨምራ ስለ ሠራች፣ ታሪኳ ለአንባብያን ቢነገር መልካም መስሎ ታየን።

የዕቃዋ ስም በጠቅላላው «ፒክአፕ» ይባላል። አንባብያችን ይህን ስም ሲሰሙ ከኋላዋ ጭነት የሚጫንባት መኪና ትዝ ብትላቸው አንፈርድባቸውም። የሙዚቀኞቹ ፒክአፕ ግን በጊታሩ ክሮች ሥር ተቀምጣ የክሩን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ መሣሪያ ናት። ሥራዋ የተመሠረተው በ1831 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ባስረዳው ሕግ ላይ ነው። ይኸውም የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ባለበት ዘንድ የማግኔት ኃይል ሲነቃነቅ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈሳል የሚለው ነው። የጊታሩ ክር ብረት ስለ ሆነ በማግኔቱ ፊት ሲርገበገብ የማግኔቱን ኃይል ይነቀንቃል፤ በሽቦው ውስጥም በዚያው ልክ የሚርገበገብ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ይኸው ወደ ማጉያው ሄዶ ተጠናክሮ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ፒክአፕ የምትሰማው አየሩን አይደለም፣ ብረቱን ነው። በጅማት ወይም በናይለን ከተወጠረ ክራር ሥር ብትቀመጥ፣ ደርዳሪው ምንም ያህል ብልኀተኛ ቢሆን አንዲት ድምፅ አታወጣም። ለማግኔት ጅማት እንደ ሌለ ነውና።

ይህን ሐሳብ ለጊታር አውለው ለገበያ ካበቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ በሎስ አንጀለስ ይኖር የነበረው ጆርጅ ቢቻም ነው። እሱና ባልደረባው አዶልፍ ሪከንባከር መጥበሻ የሚመስለውን የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ጊታር በ1932 መሸጥ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ጊታር በትልልቅ የጃዝ ባንዶች መካከል ከመለከቱና ከከበሮው በታች ተቀብሮ፣ ከምት ጠባቂነት ያለፈ ዕድል አልነበረውም። በ1939 ቻርሊ ክርስቲያን የተባለው ወጣት ከቤኒ ጉድማን ባንድ ገብቶ በጊብሰን ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ሳክስፎን ብቻውን ዜማ ሲያወርድበት፣ የጊታር ነገር ከዚያ ወዲያ ተለወጠ። ቻርሊ ክርስቲያን በሳንባ ነቀርሳ በ1942 ሲሞት ዕድሜው ገና 25 ዓመት ነበረ።

እምምታውን ያመጣችው ራሷ ፒክአፕ ናት። የተጠቀለለ ሽቦ የክሩን ኃይል ብቻ መርጦ አይቀበልም፤ በአካባቢው ካለው የመብራት መሥመር፣ ከትራንስፎርመር፣ ከረጃጅሞቹ የፍሎረሰንት መብራቶች የሚወጣውን ሁሉ እንደ ሬዲዮ አንቴና ይሰበስባል። የመብራት ኃይል በአሜሪካ በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ በኤውሮፓና በአገራችን 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ያ ምልልስ በማጉያው ተባዝቶ እምምታ ሆኖ ይሰማል። ማጉያው በጨመረ ቍጥር ዜማውም እምምታውም አብረው ይጨምራሉ። ሙዚቀኞች ለሃያ ዓመት ያህል ይህን ችለው ኖሩ።

በሚሺገን ክፍለ አገር በካላማዙ ከተማ የነበረው የጊብሰን ፋብሪካ ነገሩን ለሴት ላቨር ሰጠው። (የሰውዬው ስም በእኛ ቋንቋ ሲጻፍ ጥቂት ፈገግ የሚያሰኝ ቢሆንም ወንድ ነው።) ላቨር በ1910 በዚያው በካላማዙ የተወለደ፣ ሬዲዮ በመጠገን የተካነ፣ በባሕር ኃይልም ያገለገለ፣ የማጉያ ሳጥን አሠራር ዐዋቂ ነበረ። ጊታር በመደርደር የታወቀ ሰው አልነበረም፤ እኛ እንደምናስበው ይህ ሳይጠቅመው አልቀረም። ሙዚቀኛ ቢሆን እንደ ባልደረቦቹ እምምታውን በለመደው ነበር። ለሬዲዮ ሠራተኛ ግን እምምታ ብልሽት ነው፤ ብልሽት ደግሞ ይጠገናል። በማጉያ ውስጥ እምምታን ለመቀነስ ሁለት ጥቅልሎችን አጋጥሞ የመሥራት ዘዴ አስቀድሞ ይታወቅ ስለ ነበር፣ «በማጉያው የሚሠራ ከሆነ በፒክአፑ ስለ ምን አይሠራም?» ብሎ ተነሣ።

መልሱን ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክር። አንድ ጥቅልል በነበረበት ቦታ ሁለት ጥቅልሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋራ የሚያያዘው ተገልብጦ ነው። እምምታው ከውጭ ሲመጣ ሁለቱንም እኩል ያገኛቸዋል፤ ነገር ግን አንደኛው ሲገፋ ሁለተኛው ስለሚስብ፣ ጉልበታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ ወዲያና ወዲህ እንደሚጎትቱት፣ ገመዱ ባለበት ይቀራል። እምምታው ጠፋ ማለት ነው። ዜማውስ አብሮ አይጠፋም ወይ? ብልኀቱ እዚህ ላይ ነው። በአንደኛው ጥቅልል ውስጥ ያሉት የብረት ዘንጎች የማግኔቱን ሰሜን፣ በሁለተኛው ውስጥ ያሉት ደግሞ ደቡቡን ወደ ክሩ ያዞራሉ። እንግዲህ የክሩ ድምፅ በሁለተኛው ጥቅልል ውስጥ አንድ ጊዜ በሽቦው፣ አንድ ጊዜ በማግኔቱ ይገለበጣል። ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ነገር ተመልሶ ቀና ስለሚሆን፣ የክሩ ድምፅ ከመጀመሪያው ጥቅልል ድምፅ ጋራ ይደመራል። እምምታው ከማግኔቱ ጋራ ጉዳይ ስለሌለው አንድ ጊዜ ብቻ ተገልብጦ ይጠፋል። በትምህርት ቤት «ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ፖዚቲቭ ይሆናል» የተባልነው ሕግ እንጀራ ሲበላበት ያየነው እዚህ ነው።

ላቨር ይህን ሥራ ለመንግሥት አቅርቦ የፈጠራ መብት የጠየቀው በሰኔ ወር 1955 ነው። ዕቃዋም «ሀምበከር» ተባለች፤ እምምታን የምትጋፋ ማለት ነው። ለመሸፈኛ የመረጠላት ማዕድን «የጀርመን ብር» የተባለው ሲሆን፣ ስሙ ብር ይሁን እንጂ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ የተቀላቀለበት ነው። ናስ ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሪክን አብልጦ ስለሚያስተላልፍ ቀጫጭኑን ድምፅ ያደበዝዘው ነበር። በአንደኛው ጥቅልል ላይ የሚታዩትን ስድስት ብሎኖች በተመለከተ ላቨር ራሱ በስተርጅናው እንደ ተናገረው፣ እሱ አልፈለጋቸውም ነበር፤ የድርጅቱ ሻጮች ለደንበኛ የሚያሳዩትና የሚያወሩለት ነገር ስለ ፈለጉ ተጨመሩ። ዛሬ የሀምበከር መልክ የሚታወቀው በእነዚያ ብሎኖች ነው።

በ1957 ሀምበከር «ሌስ ፖል» በተባለው የጊብሰን ጊታር ላይ ተተከለች። እምምታው በእርግጥ ጠፋ፤ ድምፁ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሁለቱ ጥቅልሎች ክሩን በሁለት የተለያየ ቦታ ስለሚያዳምጡት፣ ከከፍተኞቹ ቀጫጭን ድምፆች አንዳንዶቹ እርስ በርሳቸው ተጣፍተው ይቀራሉ፤ ሽቦውም ስለ በዛ የቀረው ስለት ይለዝባል። በፌንደር ፋብሪካ ጊታሮች ላይ ያለው ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ፣ አንዳንዴም ጆሮ የሚወጋ ሲሆን፣ የሀምበከር ድምፅ ወፈር ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ጐርናና ነው። ጉልበቱም ይበልጣል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር የጤፍና የስንዴ ክርክር ስለሚሆንብን እንለፈው።

ገበያው ግን ቀዘቀዘ። ከ1958 እስከ 1960 የተሠሩት፣ ደረታቸው እንደ ፀሐይ መጥለቂያ ቀለም የተቀባው ሌስ ፖሎች 2,000 እንኳ ሳይሞሉ፣ ፋብሪካው ቅርጹን ትቶ ሌላ ቀጭን ባለ ሁለት ቀንድ ጊታር አወጣ። የተጣለውን ያነሡት እንግሊዞች ናቸው። በ1966 ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜዮል ባንድ ጋራ በሸክላ ሲቀረጽ፣ አንድ አሮጌ ሌስ ፖል ከማርሻል ማጉያ ጋራ አያይዞ፣ ማጉያውን መሐንዲሶቹ ከሚፈቅዱት በላይ ከፈተው። የሀምበከር ብርቱ ኤሌክትሪክ የማጉያውን አምፑሎች ከአቅማቸው በላይ ሲገፋቸው ድምፁ ተሰነጣጠቀ፤ ተሰንጥቆም እንደ ቫዮሊን ረዘመ፣ አለቀሰ። ወጣቶቹ የሰሙት ይህን ነው። ላቨር የደከመው ድምፁ ንጹሕ እንዲሆን ነበር፤ ዓለም የወደደለት ድምፁን ለማሻከር ስትረዳ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ከንቱ አልሆነም። ማጉያው ያን ያህል ሲከፈት ባለ አንድ ጥቅልሉ ፒክአፕ እምምታው ዜማውን ሊውጠው ይደርሳል፤ ጩኸቱን የሚቻል ያደረገችው ዝምታን የምታውቀው ሀምበከር ናት። ፋብሪካውም በ1968 ሌስ ፖልን መልሶ ለመሥራት ተገደደ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ጉዳይ እንምጣ። መብቱ በተጠየቀና በተሰጠ መካከል ብዙ ጊዜ ስላለፈ፣ ፋብሪካው በእያንዳንዷ ሀምበከር ሆድ ላይ «የፈጠራ መብት ተጠይቋል» የምትል፣ በጥቁር ላይ በወርቅ ቀለም የተጻፈች ትንሽ ተለጣፊ ያደርግባት ነበር። መብቱ በሐምሌ 1959 ተሰጠ፤ ተለጣፊዋ ግን እስከ 1962 አካባቢ ቀጠለች። ከዚያ በኋላ በተለጠፈው ላይ የሰፈረው ቍጥር ደግሞ የፒክአፗ መብት ሳይሆን፣ ለጊታሩ የክር መያዣ ለሌስ ፖል የተሰጠው መብት ቍጥር ነበር። ተፎካካሪን ለማሳሳት ነው የሚሉ አሉ፤ የጽሕፈት ቤት ስሕተት ነው የሚሉም አሉ። እንግዲህ ጊታር ደርዳሪው ፒክአፗን ፈትቶ ካልገለበጣት የማያያት ያች ብጣሽ፣ ዛሬ የዕቃዋን ዋጋ በሺሕ የሚቈጠር ዶላር ታደርሰዋለች። ሦስቱን ዓመታት ያየ ሌስ ፖልማ በመቶ ሺሕዎች የሚገመት ነው። የተለጣፊዋን አምሳያ አትሞ መሸጥም ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል።

ተለጣፊዋ ድምፅ እንደማትሰጥ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ የአሮጌዎቹ ልዩነት ተረት ብቻ ነውን? አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ ሽቦውን በመኪና የሚጠቀልሉት ሠራተኞች፣ አብዛኛዎቹም ሴቶች፣ ከራስ ጠጉር የማይወፍረውን ሽቦ በእያንዳንዱ ጥቅልል 5,000 ዙር ያህል ያዞሩታል፤ መኪናውን የሚያቆሙት ግን ባብዛኛው በዓይናቸው ሞላ ሲላቸው ነበር። ስለዚህ አንዷ በዛ ያለ ሽቦ፣ ሌላዋ አነስ ያለ ይደርሳታል። የማግኔቱም ዓይነት ከገበያ እንደ ተገኘው ይለያያል። በአንዷ ፒክአፕ ውስጥ ያሉት ሁለት ጥቅልሎች እኩል ሳይሆኑ ሲቀሩ፣ መጣፋቱ ፍጹም ስላልሆነ፣ ትንሽ እምምታ ትተርፋለች፤ ከእሷም ጋራ ትንሽ የድምፅ ጥራት ትተርፋለች። አፍቃሪዎቹ አየር አለው፣ ይናገራል የሚሉት ይህንን ነው። በ1960ዎቹ ዙሩን ቈጥሮ በራሱ የሚቆም መኪና ሲገባ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ። ፒተር ግሪን የተባለው እንግሊዛዊ ጊታሪስት ደግሞ ከሌስ ፖሉ ሁለት ፒክአፖች በአንዷ ማግኔቱ ተገልብጦ ስለ ነበር፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሲከፍታቸው የሚወጣው በአፍንጫ የሚዜም የመሰለ ድምፅ መታወቂያው ሆኖ ቀረ።

እንዲህ ከሆነ፣ ለብጣሽ ወረቀት ሀብት የሚያፈሰው ሰው የሚገዛው በውነቱ ስማቸውን ማንም ያልመዘገበላቸውን የእነዚያን ሴቶች የዓይን ግምት ነው። በጭፍን ከመግዛት አዳምጦ መግዛት ይሻለዋል እንላለን፤ ከአሮጌዎቹ መካከል ድምፃቸው የማያስመሰግን አሉና። ጥሩ አድርጎ የሚሠራም አልጠፋም። የመብቱ ዘመን በ1976 ስላለቀ የላቨርን ሥራ ማንም መሥራት ይችላል፤ ካስፈለገ የሚከለክለው ቀለሙ ብቻ ነው። ዲማርዚዮ የተባለው አሜሪካዊ ድርጅት ሁለቱም ጥቅልሎች የወተት ስልባቦት ቀለም ሲኖራቸው ምልክትነቱ የኔ ነው ብሎ አስመዝግቧል።

ላቨርስ? መብቱ በሕግ የተላለፈው ለጊብሰን ነው፤ እሱ ደመወዙን እየተቀበለ ቆይቶ በ1967 ወደ ተፎካካሪው ወደ ፌንደር ሄደ፤ በዚያም ሌላ ዓይነት ሀምበከር ሠራ። የካላማዙው ፋብሪካ በ1984 ተዘጋ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሞር ደንከን የተባለው የፒክአፕ ሠሪ ሽማግሌውን ፈልጎ አገኘውና የቀድሞዋን ሀምበከር እንደ ጥንቷ፣ ሰም ሳይነከርባት፣ በጀርመን ብር መሸፈኛዋ አብረው ሠሩ። በ1994 ለገበያ ስትወጣ ስሟ «ሴት ላቨር» ተባለ። ላቨር በ1997 ሞተ። በወርቅ ቀለም በተጻፈችው አሮጌ ተለጣፊ ላይ ያልነበረውን ስሙን በሥራው ላይ ሲያይ፣ የመብቱ ማመልከቻ ከገባ 39 ዓመት ሆኖት ነበር።